ቋቱ ንጹሕ፣ ካሊፐሩ ቆሻሻ፦ ለትራክ የተዘጋጀ የአንድ ሆንዳ ሲቪክ የፍሬን ዘይት ጉዳይ

ጉዳዩን ለምን መዘገብኩት

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በመካኒክነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ፍሬን አልይዝ ብሎ የመጣ መኪና በየጊዜው ይገጥመኛል። ይህን አንዱን ለይቼ የምጽፈው ባለቤቱ ጥንቃቄ ያልጎደለው ልጅ ስለነበረ ነው። ወደ ትራክ፣ ማለትም ወደ መኪና መወዳደሪያ መንገድ፣ ከመውጣቱ በፊት የፍሬን ዘይት አስቀይሯል፤ ደረሰኝም ይዟል። የፍተሻ ቅጹን በትክክል ሞልቷል። ትራኩ ላይ ያለው ፈታሽም ኮፈኑን አስከፍቶ አይቶ አሳልፎታል። ይህ ሁሉ ሆኖ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ፔዳሉን ሲረግጠው ወለል ድረስ ወረደበት።

ልጁም ፈታሹም ያዩት የዘይቱን ቋት ነው። ችግሩ ያለው ደግሞ ጎማው ጋ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ሳህን (ዲስክ) በፍሬን ሸራ ጨምቆ በሚያቆመው ካሊፐር ውስጥ ነበር። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ፤ ሥራውን ግን እንደተሠራ፣ የተበላሸውንም እንደተበላሸ አስቀምጣለሁ።

መኪናው፣ ልጁና ቦታው

መኪናው የ2008 ሆንዳ ሲቪክ ኤስአይ ነው፦ ባለ 2.0 ሊትር ሞተር፣ 197 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ ማርሽ የሚነዳ፣ ባዶውን 1,300 ኪሎ ገደማ የሚመዝን። የሄደው 190,000 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ እዚሁ አገር ያደገ፣ ሃያዎቹን ያጋመሰ ወጣት ነው። አባቱ ኢትዮጵያ እያሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ አሁን በዋሽንግተን አካባቢ ሰው እያመላለሱ ይኖራሉ። ልጁ የተመዘገበው ለጀማሪዎች በሚሰጥ የትራክ ማሽከርከር ትምህርት ነው። አሠልጣኝ አጠገብ ይቀመጣል፣ ውድድር የለም፣ ሰዓት አይያዝም። የ20 ደቂቃ ተራ ይነዳሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግመው ይገባሉ።

ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው፤ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬዳል። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ አለው። ዋናው ቀጥታ መንገድ 900 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሲሆን መጨረሻው ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ኩርባ 1 ይጠብቃል። ፍሬን የሚፈተነው እዚያ ነው።

ምን ያህል እንደሚፈተን በቁጥር ላሳይ። መኪናው ከሹፌሩና ከአሠልጣኙ ጋር 1,450 ኪሎ ይሆናል እንበል። ከ170 ወደ 95 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ ወደ 1.1 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ይህ ከ3 ሊትር በላይ የቧንቧ ውሃ እስኪፈላ ድረስ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። ለትልቅ ድግስ የሚጣደውን የቡና ውሃ በአራትና በአምስት ሰከንድ ውስጥ እንደማፍላት ማለት ነው። አብዛኛውን የሚሸከሙት የፊቶቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ከሁለት ደቂቃ ትንሽ አለፍ ብሎ እንደገና እዚያው ቦታ ይደርሳል፤ ዲስኩ ገና አልበረደም። ከተማ ውስጥ ስንነዳ እንዲህ ያለ ሙቀት ፈጽሞ አናገኝም፤ ለዚህም ነው ያረጀ የፍሬን ዘይት በከተማ ዓመታት ሲያገለግል ቆይቶ ትራክ ላይ በአንድ ቀን የሚጋለጠው።

የተፈጠረው

ቀኑ የሐምሌ ሞቃት ቀን ነበር። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ተራ በሰላም አለፉ። በሁለተኛው ተራ መጨረሻ ፔዳሉ ትንሽ ረዘም እንዳለበት ልጁ አስተውሎ ነበር፤ ግን አዲስ ስለሆነ የእሱ እግር ድካም መሰለው። በሦስተኛው ተራ አራተኛ ዙር ላይ ኩርባ 1 ሲደርስ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለሉን ነካ። ደጋግሞ ሲረግጠው በሦስተኛው ትንሽ ያዘለት። አሠልጣኙ «መሪውን አትጠምዝዝ፣ በቀጥታ ውጣ» አለው። መኪናው በቀጥታ ወደ ሣሩ ወጥቶ ቆመ። ሰውም መኪናም አልተጎዳም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ከአደጋው ይበልጥ ያሳስበኛል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ፔዳሉን ሲሞክረው ጠንካራ ሆኖ ተመልሷል። አጠገቡ መኪናውን ያቆመ ሰው «አሁን ደህና ነው፣ ሞቆብህ ነው እንጂ፤ ቀስ ብለህ ግባ» አለው። ልጁን የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። አልገባም። መኪናውን አስጭኖ እኔ ጋ አመጣው።

ፔዳሉ ለምን ጠፋ፣ ለምንስ ተመለሰ

የፍሬን ዘይት የእግራችንን ግፊት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ነው። ሲፈላ ግን እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ እግራችን የሚገፋው አረፋውን ነው፤ ዲስኩ ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ዘይቱ ግን ያው ዘይት ስለሆነ ያንኑ ሙቀት ሲያገኝ እንደገና ይፈላል። ልጁ የሰውየውን ምክር ሰምቶ ቢገባ ኖሮ ያው ኩርባ ነበር የሚጠብቀው።

ዘይቱ የሚፈላበትን ደረጃ የሚያወርደው ውሃ ነው። በአብዛኛው መኪና ያለው፣ ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባለው ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በጎማ ቱቦዎቹና በቋቱ ክዳን በኩል ቀስ በቀስ ይገባበታል። የዘይቶቹ መመዘኛ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መፍያ እንዲህ ነው፦ ዶት 3 አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ፣ 3.7 ከመቶ ገደማ ውሃ ሲይዝ (እርጥብ ሲባል) 140። ዶት 4 አዲስ 230፣ እርጥብ 155። ዶት 5.1 አዲስ 260፣ እርጥብ 180። ሁሉም በሴንቲግሬድ ነው። ይህ ሲቪክ ከፋብሪካ የታዘዘለት ዶት 3 ነው።

አባትየው አብረው መጥተው ነበር። ስንነጋገር «እኔም ዓባይ በርሃ ላይ ገጥሞኛል» አሉ። ከጎጃም ጤፍ ጭነው በአይሱዙ ከደጀን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ፍሬን ጠፍቶባቸው በማርሽ አቁመዋል። «ፔዳሉስ ጋሼ፣ ወርዶ ነበር?» አልኳቸው። «ኧረ ነበረ፤ በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ፣ መኪናው ግን አልሰማ አለ፤ የሸራው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ነው እስከ ዛሬ» አሉኝ።

ይህ ጨዋታ ለልጁ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥ ጠቀመው፤ ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ ናቸውና። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ካልቆመ የጋለው ሸራው ነው፤ መያዝ ትቷል ማለት ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ከወረደ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል፣ ወይም አየር ገብቷል፣ ወይም ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ውስጡ ያፈሳል። የአባት ሸራ፣ የልጅ ዘይት ነበር። የተለየ መድኃኒት ነው የሚሹት፤ አንዱን ለሌላው የሚሰጥ ሰው ገንዘብ አውጥቶ አደጋውን እንደያዘ ይሄዳል።

ምርመራው

ኮፈኑን ስከፍት በቋቱ ያለው ዘይት እንደ ቀጭን ማር የጠራ ነበር። በእስክሪብቶ መልክ የሚሸጠውን የእርጥበት መለኪያ ስነክርበት አረንጓዴ አበራ፤ ከ1 ከመቶ በታች ማለት ነው። ልጁ «ጋሼ፣ ቀይሬዋለሁ እኮ» ብሎ ደረሰኙን አሳየኝ። ወሩን አይቻለሁ፤ ትራክ ከመሄዱ ሦስት ሳምንት በፊት ነው።

ከዚያ ጎማውን ፈትቼ፣ የፊት ቀኙን ካሊፐር ማስተንፈሻ ብሎን ከፍቼ ዘይቱን በግልጽ ቱቦ ወደ ጠርሙስ አወረድኩ። የወጣው የተንተከተከ ሻይ የመሰለ ጥቁር ነበር። ጥቁረት ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ የጎማ ብናኝም ያጠቁረዋል። ስለዚህ ዘይቱን በእውነት አሙቆ መፍያውን በሚለካው መሣሪያ ሁለቱንም ናሙና ፈተንኩ። የቋቱ 236 ዲግሪ ላይ ፈላ። የካሊፐሩ 146 ላይ ፈላ።

ዘይት ቀያሪው ቤት ያደረገው ገባን። ከቋቱ አሮጌውን መጥጦ አውጥቶ አዲስ ሞልቷል፤ አራቱን ጎማዎች አልነካም። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት በቱቦዎቹ ውስጥ አይዞርም። ከቋቱ የሞላነው ካሊፐሩ ዘንድ የሚደርሰው ታች ብሎኑ ተከፍቶ ሲገፋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ያለበት ቦታ የቆየው የዓመታት ዘይት ነው። የእስክሪብቶው መለኪያም፣ የትራኩ ፈታሽም፣ የልጁ ዓይንም ያረፈው አዲሱ ላይ ነው።

የተሠራው ሥራ፦ የመጀመሪያው ቀን

የዘይት ምርጫው ላይ ጊዜ ወስደን ተነጋገርን። ዶት 5 የሚባለውን ሲሊኮን ዘይት ወዲያው አወጣነው፤ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ ስሙ ግን ከ5.1 ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ይሳሳትበታል። ለትራክ ከሚሸጡት ውስጥ ኤቲኢ ታይፕ 200 አዲሱ 280፣ እርጥቡ 198 ዲግሪ ነው። ካስትሮል ኤስአርኤፍ አዲሱ 320፣ እርጥቡ 270 ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ነው። ሞቱል አርቢኤፍ 600 አዲሱ 312፣ እርጥቡ ከ200 በላይ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትራክ ለሚገባ ጀማሪ የመጨረሻውን መረጥን፤ ግማሽ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች። የእኔ አስተያየት፦ በጣም ውዱን ገዝቶ ሦስት ዓመት ከመንዳት መካከለኛውን በየዓመቱ መቀየር ይሻላል።

ቀድሞ አንድ ጥሩ ዘዴ ነበር። ኤቲኢ ሰማያዊና ቢጫ ዘይት ይሸጥ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሰማያዊ፣ በሚቀጥለው ቢጫ ካደረግህ ቀለሙ ሲለወጥ አዲሱ ጎማው ጋ መድረሱን ታውቃለህ። የአሜሪካ ደንብ የፍሬን ዘይት ከቀለም አልባ እስከ ቢጫማ ብቻ እንዲሆን ስለሚያዝ ሰማያዊው በ2013 ከዚህ አገር ገበያ ወጣ። ስለዚህ አሁን በዓይን መተማመን አይቻልም፤ የወጣውን በሚሊ ሊትር መለካት ግድ ነው።

የኋላ ግራው ማስተንፈሻ ብሎን በክረምት ለበረዶ መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ዝጎ አልፈታ አለ። ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ገብቶለት፣ የዝገት ማላቀቂያ ተረጭቶበት ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ ተፈታ። በተራ ቁልፍ ብንታገለው ይሰበር ነበር፤ ያኔ ካሊፐሩ ራሱ ይቀየራል።

ስህተቱ የተፈጠረው ቀጥሎ ነው፤ ስህተቱም የእኔ ነው። አየርና አሮጌ ዘይት የምናስወጣበት ግፊት ሰጪ ጣሳ ሌላ መኪና ላይ ስለነበር «በፔዳል እንጨርሰው» አልኩ። አባትየው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ታች ሆንኩ። «ርገጡ»፣ «ያዙ»፣ «ልቀቁ» እየተባባልን ሠራን። እሳቸው የድሮ ሹፌር ናቸው፤ በእያንዳንዱ ርግጫ ፔዳሉን ወለል አስነኩት። እኔም አላስቆምኳቸውም። ጠርሙሱ ውስጥ የጠራ ዘይት እስኪመጣ ከአራቱም ጎማ አወጣን፤ ሥራው ያለቀ መሰለን።

ሞተሩን አስነስቼ ፔዳሉን ረግጬ ስይዘው ቀስ እያለ ሰመጠ። ከውጭ አንድ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። ፍሬን ማስተሩ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች) ተጎድተዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በዓመታት የከተማ ጉዞ ፒስተኑ የሚመላለሰው የሲሊንደሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ዝገትና ዝቃጭ ይይዛል። ፔዳሉን ወለል ድረስ ሲረግጡት ጎሚኒው ያን ሻካራ ቦታ ይነካና ይላጫል። ከፔዳሉ ሥር አንድ ቁራጭ እንጨት ባስቀምጥ ኖሮ አይደርስም ነበር። የማስተሩን ዋጋ እኔ ከፈልኩ።

ሁለተኛው ቀን

አዲሱ ማስተር መኪናው ላይ ከመገጠሙ በፊት ጠረጴዛ ላይ ታስሮ አየሩ ወጣ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ አረፋ ሲያሳድድ ይውላል። ከዚያ ግፊት ሰጪውን ጣሳ ቋቱ ላይ ገጥሜ ወደ 1 ባር ነፋሁት፤ ከዚያ በላይ የፕላስቲክ ቋት ላይ አላደርግም። ጎማዎቹን በቅደም ተከተል ሄድኩ። ብዙ ሰው «ከሩቁ ጎማ ጀምር» የሚለውን ያውቃል። የሆንዳ መመሪያ ለዚህ መኪና ከፊት ግራ ጀምሮ በፊት ቀኝ፣ በኋላ ቀኝ አድርጎ በኋላ ግራ ይጨርሳል። የመኪናውን መመሪያ መክፈት ሁለት ደቂቃ ነው።

ከእያንዳንዱ ጎማ የወጣውን ለካሁ፤ ማስተሩ ስለተነቀለ ከወትሮው ይልቅ ብዙ አወጣሁ። ቋቱ እንዳይጎድልና አየር እንዳይስብ ልጁ እየተመለከተ ይነግረኝ ነበር። በሥራው መካከል ጥቂት ዘይት የፊት መከላከያው ላይ ተንጠባጠበ፤ ወዲያው ብዙ ውሃ አፈሰስንበት። በጨርቅ ብቻ ቢጠረግ ኖሮ ቀለሙን ይበላው ነበር።

ማስተር ሲነቀል አየር ወደ ኤቢኤሱ (በኃይል ሲያቆሙ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ክፍል ሊገባ ይችላል፤ በተለመደው ማስወጣት የማይወጣ አየር ነው። ስለዚህ በባዶ የጠጠር ሜዳ ኤቢኤሱ እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ብዙ ጊዜ በኃይል አቆምነው፤ ተመልሰን አራቱንም ጎማ አንድ ዙር ደገምን። ከፊት ካሊፐር ሁለት ትናንሽ አረፋዎች ወጡ። ፔዳሉ ከዚያ በኋላ ሌላ ፔዳል ሆነ።

የፊት ሸራዎቹን አወጣናቸው። 4 ሚሊ ሜትር ቀርቷቸው ነበር፤ ፊታቸው እንደ መስታወት አብርቷል። ትራክ የሚችል ሸራ ገባ፤ በቀስታ እየተሞቀና እየበረደ ከዲስኩ ጋር ተላመደ። በእያንዳንዱ የፊት ካሊፐር ላይ ሙቀት ሲያልፍ የሚጠቁር ወረቀት ለጠፍኩ። ዋጋው ትንሽ፣ የሚናገረው ብዙ ነው።

በመጨረሻ ከፊት ቀኝ ካሊፐር እንደገና ናሙና አወጣሁና ለካሁ። 301 ዲግሪ። የአዲሱ ጠርሙስ ቁጥር ስላልሆነ የቀረ አሮጌ ጠብታ አለ ማለት ነው፤ ለሥራው ግን ይበቃል።

መስከረም ላይ የሆነው

ልጁ በመስከረም ወደዚያው ትራክ ተመለሰ። አምስት ተራ ነዳ። ከእያንዳንዱ ተራ መጨረሻ አንድ ዙር ፍሬን ሳይነካ ማለት ይቻላል እየተንሸራተተ አበረደው። ሲያቆምም የእጅ ፍሬን አልሳበም፤ በማርሽ አስሮ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። የጋለ ካሊፐር ቆሞ ሳለ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ያሳልፋል፤ ዘይት የሚፈላው ብዙ ጊዜ ከትራክ ከወጡ በኋላ ቆመው ሳለ ነው። ፔዳሉ ቀኑን ሙሉ አልተለወጠም።

ወረቀቶቹን ሳይ የፊቶቹ 193 ዲግሪ ያለበት ክፍል ጠቁሯል፤ 204 ያለበት ነጭ ነው። እንግዲህ የካሊፐሩ ሰውነት ከ193 በላይ ደርሷል ማለት ነው። እርጥብ ዶት 3፣ እርጥብ ዶት 4፣ እርጥብ ዶት 5.1 እንኳ በዚህ ሙቀት ሊፈሉ ይችላሉ። የሐምሌው 146 ዲግሪ ዘይትማ ገና ሳይደርስበት አልቋል።

ሌላ መኪና ላይ የሚሠራው

ከዚህ ጉዳይ ወዲህ ጋራዤ ውስጥ የለወጥኩት ነገር አለ። «የፍሬን ዘይት ተቀይሯል» የሚል ደረሰኝ ሲቀርብልኝ ከየት ጎማ ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ እጠይቃለሁ፤ መልስ ከሌለ እንዳልተቀየረ እቆጥረዋለሁ። መለኪያ የምነክረው ከካሊፐር በወጣ ዘይት ላይ ነው። ትራክ የሚሄድ ሰው የፍተሻ ቅጹ ላይ ቀን ብቻ ከመሙላት ይልቅ ጎማው ጋ የወጣውን ዘይት በዓይኑ እንዲያይ እለምነዋለሁ።

ከ100,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ መኪና ላይ ከፔዳሉ ሥር እንጨት ሳላስቀምጥ ሰው አላስረግጥም። ተከፍቶ የተረፈ ጠርሙስ ቀን ይጻፍበታል፤ ለዋናው ሥራ ዳግም አይውልም፣ አየር ስለገባው ራሱ እርጥበት ይስባል። ፔዳል ለስልሶ የነበረ መኪና በርዶ ሲጠነክር ዳነ አልልም።

ሥራው ባለቀ ማግስት አባትየው የራሳቸውን ቶዮታ ይዘው መጡ። በየቀኑ ሰው የሚያመላልሱበት ነው፤ ትራክ አይቶ አያውቅም። «እኔንም ከጎማው ለካልኝ» አሉ። ከቋቱ የወሰድኩት 171 ዲግሪ ላይ ፈላ፣ ከኋላ ቀኝ ጎማ የወሰድኩት 152 ላይ። መቼ እንደተቀየረ አያስታውሱም። ያን ዕለት ከአራቱም ጎማ 900 ሚሊ ሊትር አወጣንለት፤ በዚህኛው ጊዜ እንጨቱን ከፔዳሉ ሥር ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።